ሁለቱ ናውሲካዎች
(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)



ከናዝሬት ተነሥቶ ወደ ሶደሬ የወረደ ሰው በአዋሽ ዳር ምን እንደሚያይ ያውቃል። ውሃው ከመሬት ውስጥ እየጋለ ይወጣል፤ ጕልበቱን የያዘው ሽማግሌ በልጁ ትከሻ ተደግፎ መጥቶ ይነከርበታል፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም የሳምንቱን ድካም ሊጥልበት ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርዳል፤ ጦጣዎቹም ያልተጠነቀቀውን ሰው ዳቦውን ነጥቀው ከዛፍ ላይ ይወጣሉ። ወንዙን ተከትለው ሽቅብ ቢጓዙ ወንጂን ያገኛሉ። በወንጂ ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመረ በኋላ፣ በእርሻው መንደሮች የሰፈሩት ሠራተኞች ከጕድጓድ የወጣ ውሃ ይጠጡ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ የልጆቻቸው ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ብዙ ዘመን ከጠጡትም ውስጥ አንዳንዶቹ አንገታቸውንና ወገባቸውን ማዞር እስኪሳናቸው ድረስ አጥንታቸው ደደረ። ሐኪሞች መርምረው ምክንያቱ በውሃው ውስጥ የሟሟው ፍሎራይድ እንደ ሆነ አረጋገጡ። አንዱ ምድር በአንዱ ስፍራ መገጣጠሚያን ያፍታታል፤ በሌላው ስፍራ ያስራል።

የዛሬው ንግግራችን ግን ስለ ሲኒማ ነው። አንድ የጃፓን ሠዓሊ፣ ከምድሩ መርዝ የተነሣ የሰዎቹ እጅ እንደ ድንጋይ የሚደርቅበትን አንድ ሸለቆ ፈጥረው ሥለዋል። ይህንኑ ታሪክ በፊልምም በመጽሐፍም አወጡት፤ የፊልሙና የመጽሐፉ መጨረሻ ግን ሳይስማማ ቀረ። በስምጥ ሸለቆ የሚኖር ወይም የሚሠራ ሰው ሁለቱን ቢያስተያይ ከሌላው ተመልካች ይልቅ ነገሩ ይሰማዋል ብለን እናምናለን።

ጃፓን ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው አስነብበውናል። በዚያን ጊዜ ከጃፓን ልንማረው የተመኘነው የፋብሪካና የትምህርት ነገር ነበር፤ የሥዕል መጽሐፋቸው ወሬ ገና አልደረሰንም። ማንጋ የሚሉት በሥዕል የሚነበብ ታሪክ ነው። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በ44 ክፍል ተሥሎ፣ መስመር በመስመር እየተከተለ ያየ ሰው ነገሩን ሳያስረዱት ይገባዋል። የጃፓኑ የሚለየው በሺህ የሚቈጠር ገጽ መሙላቱ፣ ንግግሩም በየሥዕሉ ውስጥ መጻፉና ከቀኝ ወደ ግራ መነበቡ ነው። አኒሜ የሚባለው ደግሞ የተሣሉ ሥዕሎች በፍጥነት እየተከታተሉ ሲያልፉ ነፍስ ዘርተው የሚንቀሳቀሱ የሚመስሉበት ፊልም ነው።

የታሪኩ ደራሲ ሃያዎ ሚያዛኪ በ1933 ዓ.ም. በቶኪዮ ተወለዱ። አባታቸው የጦር አውሮፕላን ክፍሎች የሚያወጣ ፋብሪካ ያስተዳድሩ ነበር፤ ልጃቸው የሚበር ነገርን ሁሉ ሲወዱ ጦርነትን መጥላታቸው ከዚያው የመጣ ይመስለናል። የናውሲካ የፊልም ሐሳብ በመጀመሪያ ሲቀርብ፣ «በመጽሐፍ ያልታወቀ ታሪክ ነው» ተብሎ ሳይፈቀድ ቀረ። ስለዚህ ሚያዛኪ በ«አኒሜጅ» መጽሔት ላይ ታሪኩን በሥዕል ማውጣት ጀመሩ፤ ዘመኑም 1974 ዓ.ም. ነው። የጐደለውን ማስረጃ አመልካቹ ራሱ ሠርቶ እንዲያቀርብ መሆኑ፣ በመሥሪያ ቤት ለዋለ ሰው የሚያስገርም አይሆንም። መጽሐፉን አንባቢ ስለ ወደደው ፊልሙ ተፈቀደና መጋቢት 2 ቀን 1976 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ።

ይሁን እንጂ ፊልሙ በታየ ጊዜ መጽሐፉ ገና ጅምር ነበር፤ ከሰባቱ ቅጾች የሁለቱ ያህል ብቻ ተሥሎአል። ሚያዛኪ ሌላ ፊልም በሠሩ ቍጥር መጽሐፉን እያቋረጡ፣ እንደ ገናም እየቀጠሉ፣ የፈጸሙት በ1986 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ፊልሙ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ሐሳብ ሲሆን የመጽሐፉ መጨረሻ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ሐሳብ ነው። በመካከሉ ደራሲው ብዙ ነገር አይተዋል፤ በተለይ የዩጎዝላቪያ ጦርነት እምነታቸውን እንዳናወጠው ራሳቸው ተናግረዋል።

ታሪኩ እንደሚከተለው ነው። የሰው ልጅ በታላላቅ ፋብሪካዎች ምድርን ካረከሰ በኋላ፣ «ሰባቱ የእሳት ቀኖች» በተባለ ጦርነት ሥልጣኔው ጠፋ። ከሺህ ዓመት በኋላ ምድርን የሸፈናት መርዝ የሚተፋ የሻጋታ ዱር ነው። ያለ ጭንብል የገባበት ሰው ሳንባው በስብሶ ይሞታል። በዱሩም እንደ ኮረብታ የገዘፉ ትሎችና በራሪ ነፍሳት ይኖራሉ፤ ከእነዚህ የሚበልጡት ኦሙ ይባላሉ፤ ሲቈጡ ዓይናቸው ይቀላል፤ ሲረጉ ሰማያዊ ይሆናል። ከባሕር የሚነሣ ነፋስ መርዙን የሚመልስላት አንዲት ትንሽ ሸለቆ አለች፤ ናውሲካ የዚያች ሸለቆ አለቃ ልጅ ናት። ስሟ የመጣው ከሆሜር «ኦዲሴይ» ሲሆን፣ ጠባይዋ የተቀዳው ትሎችን ትወድ ስለ ነበረች አንዲት ወይዘሪት ከሚናገር ጥንታዊ የጃፓን ተረት ነው።

ፊልሙ 117 ደቂቃ ይፈጃል። መጽሐፉን የሚበልጥበት ነገር እንዳለ ሳንሸሽግ እንናገር። ነፋስን በወረቀት ላይ መሣል ከባድ ነው፤ በፊልሙ ግን ልጅቱ በክንፍ ተንሳፍፋ ስታልፍ ሣሩ ሲያጐነብስ ይታያል፤ የጆ ሂሳይሺ ሙዚቃም ከነፋሱ ጋር ይነሣል፤ ይወድቃል። መጽሐፉ በጥቅጥቅ ቀጭን መስመር የተሣለ ስለ ሆነ፣ በጦርነቱ ገጾች ላይ የወደቀው ወታደር የማን እንደ ሆነ ለመለየት ሁለት ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል።

ከፊልሙ ውስጥ ከአእምሮአችን የማይጠፋ አንድ ስፍራ አለ። የቶልሜኪያ ጦር ሸለቆውን ከያዘ በኋላ አንድ ሽማግሌ በመርዙ የደረቀውን እጁን ለጦሩ አዛዥ ለልዕልት ኩሻና ያሳያታል። ጥቂት ወራት ቈይቶ ፈጽሞ ድንጋይ እንደሚሆን ይነግራትና፣ የእኛ ልዕልት ግን ይህን እጅ ትወደዋለች፣ የሠራተኛ እጅ ነውና ውብ ነው ትለናለች ይላታል። በወንጂ አገዳ ሲቈርጥ ኖሮ ወገቡ የደረቀ ሰው ይህን ቢያይ ጃፓን ሩቅ አገር አትመስለውም።

የፊልሙ ምሥጢር የሚገለጠው በውሃ ነው። ናውሲካ ከግንቡ ሥር በተሰወረ ክፍል ውስጥ የመርዙን ዱር ተክሎች ታሳድጋለች፤ የምታጠጣቸውም በነፋስ ወፍጮ ከጥልቅ መሬት የተሳበ ውሃ ነው። ተክሎቹ በዚያ ውሃ ሲያድጉ መርዝ የማይተፉ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ መርዙ ያለው በላይኛው አፈር ነው፤ ዱሩ መርዙን እየመጠጠ ምድርን ያነጻል፤ ከዱሩም ሥር ንጹሕ ውሃና ንጹሕ አየር እየተከማቸ ነው። የሰው ድርሻ ዱሩን ከማቃጠል መታገሥ ብቻ ይሆናል። በመጨረሻም ናውሲካ በቍጣ ከሚጐርፉት ኦሙዎች ፊት ቆማ ትሞታለች፤ ኦሙዎቹ በወርቃማ ክሮቻቸው አንሥተው ሕይወት ይመልሱላታል። ሚያዛኪ በመጀመሪያ ያሰቡት ልጅቱ ከመንጋው ፊት በቆመችበት ሊያበቁ ነበር፤ ትንሣኤው የተጨመረው ኢሳዎ ታካሃታና ቶሺዎ ሱዙኪ ተመልካቹ እንዲጽናና በማለት ስላሳሰቡ ነው። ደራሲው ግን በዚህ መጨረሻ ልባቸው አልረካም።

መጽሐፉን የገለጠ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው የሰዎቹን መብዛት ነው። በፊልሙ ወራሪ ብቻ የነበረችው ኩሻና፣ በመጽሐፉ በገዛ አባቷና በወንድሞቿ ተንኰል የተከበበች፣ እናቷ ለእርሷ የተዘጋጀውን መርዝ ጠጥታ አእምሮዋን ያጣችባት፣ ወታደሮቿ እንደ እናት የሚያዩአት ሴት ናት። በፊልሙ ፈጽሞ የማይታየው የዶሮክ መንግሥት ደግሞ የመርዙን ተክል ለጦር መሣሪያነት አራብቶ የገዛ አገሩን ያጠፋል።

ዋናው ልዩነት ግን በመጨረሻው ቅጽ ነው። ናውሲካ ሹዋ በምትባል ከተማ ወደሚገኝ ጥንታዊ መቃብር ገብታ እውነቱን ታገኛለች። ያ ዱር በራሱ የበቀለ አልነበረም። ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሊቃውንት ምድርን እንዲያነጻላቸው ዱሩንም ኦሙንም ሠርተዋቸዋል። የሰውንም አካል ጥቂት መርዝ እንዲችል አድርገው ለውጠውታል። ከዚህ የተነሣ በዚያን ዘመን ያለው ሰው ፈጽሞ በነጻ አየር ውስጥ መኖር አይችልም፤ ወደ ነጻው ስፍራ የደረሰ ሰው ደም ያስላል። ምድር ነጽታ ባለቀች ቀን እርሱም ያበቃለታል፤ በእርሱም ቦታ በመቃብሩ ውስጥ በዕንቍላል የተቀመጡ የዋሆችና ጥበበኞች የሆኑ አዲስ ሰዎች ሊነሡ ታስቦአል። ናውሲካ መቃብሩን ከነዕንቍላሎቹ ታፈርሰዋለች። ከፍርስራሹ የፈሰሰውም ደም እንደ ኦሙ ደም ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ።

በፊልሙ ንጽሕና የሚጠበቅ ተስፋ ነው። በመጽሐፉ ንጽሕና ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ርስት ነው፤ ለሚኖረው ሰው የተረፈው ከመርዙ ጋር መኖር ብቻ ነው። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ደራሲው በኋላ የሻረውን ውሳኔ ይዞ እንደሚሠራ ሹም ነው።

ደራሲው ለዚህ ታሪክ መነሻ ከሆኗቸው ነገሮች አንዱን ሲገልጹ የሚናማታን የባሕር ወሽመጥ ይጠቅሳሉ። በዚያ የአንድ ኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን እድፍ ወደ ባሕር እያፈሰሰ ዓሣውን በልተው ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም አካላቸው ተሽመደመደ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1948 ዓ.ም. ነበር። ሰው ማጥመዱን ሲተው ግን ዓሦቹ በተመረዘው ባሕር ውስጥ እንደ ገና ተባዙ። ይህ ነገር ሚያዛኪን አስደነቃቸው። ፊልሙ የወሰደው የዓሦቹን መባዛት ነው። መጽሐፉ ግን ዓሦቹ መርዙን በሥጋቸው ይዘው እንደ ተባዙ አልረሳም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሸለቆአችን እንመለስ። በፊልሙ ጥልቁ ውሃ ንጹሕ፣ ላይኛው መርዛም ነበር። በእኛ ዘንድ ነገሩ ተገላብጦአል። የስምጥ ሸለቆአችን አለት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለ ሆነ ውሃ በውስጡ በጥልቀት ሲቈይና ሲሞቅ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከሸለቆው ጕድጓዶችና ፍል ውሃዎች ብዙዎቹ ይህን ልክ በእጥፍ ድርብ ያልፋሉ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ሽታም የለውም፤ ቢያፈሉት ደግሞ ውሃው ተንኖ ፍሎራይዱ ይቀራል እንጂ አይጠፋም። መታጠቡ አይጐዳም፤ ዘወትር መጠጣቱ ግን፣ ይልቁንም ቋሚ ጥርሳቸው በድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ላሉ ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት፣ ምልክቱን ለዕድሜ ልክ ይተዋል። ላይኛውም የአዋሽ ውሃ ቢሆን ሳይጣራ አይጠጣም፤ የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎችን እድፍ ወደ ቆቃ ሐይቅ ሲያወርድ ኖሮአልና።

በዚህ ላይ የፊልሙ ትዕግሥት አይረዳንም። ፍሎራይዱን ያስገባው ፋብሪካ የለም፤ የሚያነጻውም ዱር የለም። አለቱ ከእኛ በፊት ነበረ፤ ከእኛም በኋላ ይኖራል። ስለዚህ ወደ መጽሐፉ እናዘነብላለን። በሸለቆው አንዳንድ መንደሮች ውሃውን በተቃጠለ የከብት አጥንት ያጣሩታል፤ አጥንቱ ፍሎራይዱን ስቦ ይይዛል፤ ጊዜውን ጠብቆ ካልተለወጠ ግን ማጣራቱን ይተዋል፤ ጠጪውም በጣዕም አያውቅም። የአጥንቱን ተራ የሚቈጥር፣ ለመለወጫው በጀት የሚይዝ፣ ውሃውን በየጊዜው የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። ይህ የትንሣኤ ያህል አያስለቅስም፤ ፊልምም አይሠራለትም።

ሁለቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ከፊልሙ ቢጀምር እንመክራለን፤ መጽሐፉን ያስቀደመ ሰው ፊልሙ ልጅነት ይመስለዋል፤ ይህም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከመጽሐፉ ጋር የማንስማማበት አንድ ነገር ብቻ ይቀረናል። ናውሲካ ከመቃብሩ ከወጣች በኋላ ያወቀችውን ለሕዝቡ አትነግርም። ሊሸከሙት አይችሉም ብላ ከአንድ ከዱሩ ሰዎች ወገን ከሆነ ወዳጅዋ በቀር ከሁሉም ትሰውረዋለች፤ ደራሲውም አይነቅፏትም። ምናልባት ስለ ሺህ ዓመት ዕጣ ሲሆን ዝምታዋ ይገባት ይሆናል። የጕድጓድ ውሃ ምርመራ ግን እንዲህ ያለ ምሥጢር አይደለም። ጀሪካኗን ይዛ ከቧንቧው ፊት ለተሰለፈችው እናት፣ ልጅዋ በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሚጠጣ የሚያመለክተው ቍጥር በመዝገብ ቤት ተቈልፎ ከሚቀመጥ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ በቧንቧው ራስ ላይ ቢጻፍላት ምን ያህል ቀለም ይፈጃል?