የሚደነዝዙ ጣቶች፦ የነርቭ ጉዳት ምንነትና ደረጃዎቹ

በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በተለይ በልብስ ስፌትና በቆዳ ውጤቶች ይታወቃል። በስፌት መኪና ፊት የሚቀመጥ ሠራተኛ ጨርቁን በጣቶቹ ይዞ፣ የእጁን አንጓ አጥፎ፣ ያንኑ እንቅስቃሴ ቀኑን ሙሉ ይደጋግማል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ አንዳንድ ሰዎች ሌሊት ጣቶቻቸው ደንዝዘው ከእንቅልፍ ይነቃሉ፤ እጃቸውን ሲያራግፉትም ይሻላቸዋል። ይህ ድካም ነው ወይስ የነርቭ ጉዳት? በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ነርቭ አክሰን የሚባሉ ቀጫጭን የሕዋስ ክሮች ጥቅል ነው። ብዙዎቹ ክሮች ማየሊን በተባለ ቅባታማ ሽፋን የተለበጡ በመሆናቸው መልእክትን በሴኮንድ 50 ሜትር ያህል ያደርሳሉ። ከእጅ ነርቮች አንዱ የሆነው ሚዲያን ነርቭ በአንጓ ላይ ጠባብ ዋሻ ያቋርጣል። የዋሻው ወለል አጥንት፣ ጣሪያው ደግሞ ጠንካራ ጅማት ነው። ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችም አብረውት ያልፋሉ። የጅማቶቹ ሽፋን ሲያብጥ ነርቩ ይጨመቃል፤ የደም ዝውውሩም ይቀንሳል። የስኳር ሕመም፣ እርግዝናና የታይሮይድ ዕጢ መድከምም ለዚሁ ያጋልጣሉ።

ሚዲያን ነርቭ የሚያገለግለው አውራ ጣትን፣ ጠቋሚን፣ የመሐል ጣትንና የቀለበት ጣትን እኩሌታ ነው። ስለዚህ ትንሿ ጣት አትደነዝዝም። ድካም ጣት አይመርጥም፤ የዚህ ነርቭ ጉዳት ግን ይመርጣል።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኸርበርት ሴዶን እ.ኤ.አ. በ1943 የነርቭን ጉዳት በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። በመጀመሪያው ደረጃ አክሰኑ ሳይበጠስ መልእክቱ ብቻ ይታገዳል፤ ይህ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ሊድን ይችላል። በሁለተኛው አክሰኑ ይበጠሳል፤ የከበበው ሽፋን ግን ስለሚተርፍ መንገዱን ተከትሎ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ይፈጃል ማለት ነው። በሦስተኛው ነርቩ ፈጽሞ ስለሚቆረጥ ያለ ቀዶ ሕክምና መዳኑ አይጠበቅም።

የአንጓ ጭመቃ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ደረጃ ይነሣል፤ ችላ ከተባለ ግን ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ያን ጊዜ በአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ቁልፍ መቆለፍና መርፌ መያዝ ያስቸግራል። ነርቡን ለረጅም ጊዜ ያጣ ጡንቻ ደግሞ ነርቡ ቢመለስለት እንኳ እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ የሌሊቱ መደንዘዝ ጊዜ ያለው ማስጠንቀቂያ ነው። በሥራ መካከል እጅን ማሳረፍ፣ አንጓን ቀጥ አድርጎ መሥራት፣ ሌሊትም በድጋፍ አስሮ መተኛት ጭመቃውን ያቀልላሉ። ካልተሻለ ሐኪም መርፌ ሊሰጥ ወይም የዋሻውን ጣሪያ በቀዶ ሕክምና ሊከፍት ይችላል። እንጀራው በጣቱ ላይ ለሆነ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄድበት ጊዜ ጣቱ ገና የሚደነዝዝበት እንጂ መርፌው ከእጁ የሚወድቅበት አይደለም።