የአጸድ ሰሌዳና የአገር በቀል ዛፍ ስም

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ከመካከለኛው ገበያ በስተ ምዕራብ፣ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር ይገኛል። ጎረቤቶቹ ዌስትላንድስ፣ ላቪንግተንና ኪሊማኒ ናቸው። ሌሌሽዋ ማለት በማሳይ ቋንቋ ቅጠሉ ወደ ብርማ ነጭነት የሚያደላ፣ በእጅ ሲታሽም እንደ ካምፎር የሚሸት ቁጥቋጦ ነው፤ ማሳዮች ቅጠሉን ለመልካም ሽታው ሲሉ በብብታቸው ሥር ያደርጉታል። ሰፈሩ በተጠራ ቁጥር የዚህ ቁጥቋጦ ስም ሳይለወጥ ይሰማል። ይሁን እንጂ በዛሬው ጊዜ በዚያ መንገድ የሚያልፈውን ሰው አቁመው «እስቲ ሌሌሽዋን አሳየኝ» ቢሉት፣ ሊያሳይ የሚችለው ብዙ አይመስለንም።

በናይሮቢ መንገዶች ግራና ቀኝ ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚስበው ዛፍ ጃካራንዳ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ወራት ሐምራዊ አበባውን በአስፋልቱ ላይ ሲያነጥፍ የከተማው ሰው ሁሉ ያወሳዋል፤ ፎቶግራፍም ያነሣዋል። ጃካራንዳ ግን የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። በየአጥሩ ላይ የሚንጠለጠለው ቡገንቪላም እንዲሁ የዚያው አገር ተወላጅ ነው። እኛ የወፍ ቆሎ የምንለው ላንታና ደግሞ ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች ለጌጥ መጥቶ፣ ከአጸድ አምልጦ፣ የግጦሹን መሬት ሁሉ ወርሷል። እንግዶቹን የምንነቅፍ አይደለንም፤ የጃካራንዳን ውበት ማን ይክዳል? የምናዝነው እንግዶቹ በስማቸው ሲጠሩ ባለአገሮቹ «ያ ትልቁ ዛፍ» ከመባል ስላላለፉ ነው።

ነገሩ የስም ብቻ ሆኖ አይቀርም። ኪሌሌሽዋ ቀድሞ ዝቅ ያሉ ቤቶችና ሰፋፊ አጸዶች የነበሩበት ሰፈር ነው። ከ2000 (የዚህ ጽሑፍ ዓመቶች በሙሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወዲህ ግን ብዙዎቹ ቤቶች እየፈረሱ በየቦታቸው ባለብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ሥራ ተቋራጩ መሬቱን ለመጥረግ በመጣ ጊዜ ጎረቤቱ ስለ ምን ዛፍ ሊለምን ይችላል? ስሙን ስለሚያውቀው ዛፍ ነው። ስሙም፣ ዕድሜውም፣ ጥቅሙም ያልታወቀ ዛፍ በአንድ ጧት ይወድቃል፤ በማግስቱም ማን እንደ ነበረ የሚጠይቅ አይገኝም።

ስለዚህ በአንዳንድ አገር ያሉ ባለአጸዶች የጀመሩት አንድ ቀላል ዘዴ እጅግ ደስ አሰኝቶናል። ይኸውም በአጥር በኩል፣ መንገደኛ ሊያየው በሚችልበት ሥፍራ፣ በአገር በቀሉ ተክል ሥር ትንሽ የስም ሰሌዳ ማቆም ነው። (ቋንቋችንን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን የምንሻው፣ «አገር በቀል» የሚለው ቃል በቀለ ከሚለው ግሥ የወጣ መሆኑን ነው፤ በአገሩ መሬት ላይ በቅሎ የተገኘ ማለት ነው። ተቃራኒው «መጤ» ይባላል።) ለዚህም ዘዴ የኪሌሌሽዋ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከሰፈሩ አጠገብ የናይሮቢ አርቦሬተም አለለት።

አርቦሬተም የዛፎች መዘክር እንደ ማለት ነው። ይህ ሥፍራ በ1907 ባቲስኮምብ በተባለ የደን ሹም ተመሠረተ። የተመሠረተበትም ምክንያት ሊታወቅ ይገባዋል። ከሞምባሳ ተነሥቶ በ1901 እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰው የምድር ባቡር ይነዳ የነበረው እንጨት እያነደደ ነበር፤ የአገሩ ደን ግን የባቡሩን ረኃብ ሊያስታግሥ አልቻለም። ስለ ሆነም በቶሎ የሚያድጉ የውጭ ዛፎች ተመርጠው እንዲፈተኑ ሥፍራ ተከለለ። እንግዲህ መዘክሩ መጀመሪያ የተቋቋመው ለመጤዎቹ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን 30 ሄክታር ያህል በሆነው መሬት ላይ መጤውና አገር በቀሉ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ የዛፉ ዓይነት 350 ያህል ይደርሳል፤ ጦጣዎችም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። በ1993 የናይሮቢ አርቦሬተም ወዳጆች የተባለ ማኅበር ተመሥርቶ ለሥፍራው እንክብካቤ ተነሣ። በብዙ ዛፎች ላይ የስም ሰሌዳ ተደርጓል፤ በእሑድ ቀን ልጆቹን ይዞ ለሽርሽር የሚመጣ አባት ሰሌዳውን እያነበበ መምህር ለመሆን ይችላል።

በዚህ ዓይነት ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው የላቲን ስም ነው። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃል ያለው ስም ሰጥቶ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ የዓለም ሊቃውንት ሁሉ በዚሁ ሥርዓት ይጠቀማሉ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን በነዚህ ስሞች ውስጥ የተለየ ነገር አለለት። ኮሶ በላቲን ሀጌንያ አቢሲኒካ ይባላል፤ ቀጋ ሮዛ አቢሲኒካ ነው፤ ቀይ አበባ የሚያወጣው ኮርች ኤሪትሪና አቢሲኒካ ነው። ተክሎቹ ለሳይንስ መጀመሪያ የታወቁት ከአገራችን ተወስደው ስለ ነበረ ስማችንን ይዘው ቀርተዋል። ኮሶ በኬንያ ተራራና በአበርዴር ደጋዎች ላይ ይበቅላል፤ በዚያም ቢሆን በላቲን ሲጠራ «የአቢሲኒያው» እንደ ተባለ ነው።

ከላቲኑ ይልቅ ግን እኛ የምናስቀድመው የአገሬውን ስም ነው። በናይሮቢ ዙሪያ ያለው የኪኩዩ ሕዝብ ለየዛፉ የቆየ ስም አለው፤ ብዙዎቹም ዛፎች ለእኛ የታወቁ ናቸው። ጥድን ሙታራክዋ፣ ወይራን ሙታማይዩ፣ ዋንዛን ሙሪንጋ፣ ብሳናን ሙቱንዱ፣ ጥቁር እንጨትን ሙይሪ፣ ኮርችን ሙሁቲ ይሏቸዋል። ሾላን ደግሞ ሙኩዩ ይሉታል፤ የሕዝቡም ስም ከዚህ ዛፍ ጋር የተያያዘ ነው ይባላል። በሥራም ሆነ በኑሮ ምክንያት ናይሮቢ የሚቀመጥ ኢትዮጵያዊ በግቢው ካሉት ዛፎች በአንዱ ሥር ይህን ስም ከአማርኛው ጋር አድርጎ ቢጽፍ፣ ጎረቤቱ ቆሞ ማንበቡ፣ አንብቦም «እናንተም አገር አለ እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ራሱን ይመራል።

የታወቀ ስም ምን ያህል ኃይል እንዳለው በ2020 በናይሮቢ በግልጽ ታይቷል። ከኪሌሌሽዋ አጠገብ በዌስትላንድስ፣ በዋያኪ መንገድ ዳር፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አንድ ትልቅ የሾላ ወገን ዛፍ ቆሟል። አዲሱ ፈጣን መንገድ በከተማው ላይ ሲዘረጋ ይህ ዛፍ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ታስቦ ነበር። የዚህ ወገን ዛፍ በኪኩዩ ዘንድ ሙጉሞ ይባላል፤ አባቶች በሥሩ ሆነው ወደ ኬንያ ተራራ እየተመለከቱ ይጸልዩ የነበረበት የተከበረ ዛፍ ነው። ሕዝቡ ስሙንና ክብሩን ያውቅ ነበርና ተቃውሞው በረታ፤ በኅዳር ወርም በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ዛፉ ካለበት እንዳይነካ ተወሰነ፣ ጥበቃውም ለከተማው አስተዳደር ተሰጠ። በዚያው መንገድ ሥራ ሌሎች ዛፎች ተቆርጠዋል።

ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይም በሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ ውስጥ ስለ እንደዚህ ያለ ዛፍ ጽፈዋል። በልጅነታቸው እናታቸው ከሾላው ሥር ማገዶ እንዳይለቅሙ ከልክለዋቸው ነበር፤ በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ከአጠገቡ ይፈስ የነበረው ምንጭ መድረቁን ይተርካሉ። እኒህ ሴት በ1977 የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄን መሠረቱ፤ በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ከአፍሪካ ሴቶች ሁሉ ቀድመው ተቀበሉ፤ በ2011 ዐረፉ።

አሁን ወደ ሰሌዳው ሥራ እንመለስ፤ በዚህ ረገድ ስሕተቱ ብዙ ነውና። ከሁሉ የከፋው ሰሌዳውን በግንዱ ላይ በምስማር መምታት ነው። ምስማሩ ልጡን ያቆስላል፤ ዛፉም እየወፈረ ሲሄድ ሰሌዳውን ይሰነጥቀዋል ወይም ይውጠዋል። ይልቁንስ እንጨት ወይም ብረት በመሬት ላይ ተክሎ ሰሌዳውን በዚያ ላይ ማሰር ይሻላል። በግንዱ ላይ ማንጠልጠል የግድ ከሆነ፣ ሽቦው ላላ ብሎ ይታሰር፤ በየዓመቱም እየታየ ይፈታ። ሰሌዳው ከቆርቆሮ ወይም ከአሉሚኒየም ቢሆን ምስጥ አይበላውም። በቀለም የተጻፈውን ፀሐይ በቶሎ ያደበዝዘዋል፤ የእርሳስ ጽሕፈት የተሻለ ዕድሜ አለው። (የአፍሪካ ጥድ እንጨት ለእርሳስ መሥሪያ ይፈለግ እንደ ነበረ እዚህ ላይ ብናስታውስ ከነገሩ የወጣን አይመስለንም።) ቁመቱም የሰባት ዓመት ልጅ አንገቱን ሳያቀና ሊያነበው የሚችለው ይሁን።

ስለሚጻፈው ቃል፣ ማሳጠርን እንመክራለን። በላይ የአገሬው ስም በትልቁ፤ ከሥሩ የስዋሂሊው፣ የእንግሊዝኛው ወይም የአማርኛው፣ እንደ ጎረቤቱ ቋንቋ፤ ከዚያ የላቲኑ በትንሹ፤ በመጨረሻም አንድ ዓረፍተ ነገር። ይህች አንዷ ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ትበልጣለች። «ይህ ዛፍ ጠቃሚ ነው» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ይቆጠራል። «ኮርች፤ ቀይ አበባውን ሲያወጣ የአበባ ማር የሚጠጡ ትናንሽ ወፎች ይመጡለታል፤ ቆመህ ጠብቅ» ቢባል ግን አላፊው ልጅ በእርግጥ ቆሞ ይጠብቃል። በብሳናውም ሥር «ንብ የሚወደው አበባ» ተብሎ ቢጻፍ ማር ወዳጅ ሁሉ ቀና ብሎ ያያል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ እኛም ብዙ ያሰብንበት ጉዳይ ነው። የመድኃኒት ዛፍን በሰሌዳ ማሳወቅ አንዳንድ ጊዜ ለዛፉ ጠላት መጥራት ይሆናል። የጥቁር እንጨት ልጥ ለወንዶች የፕሮስቴት ዕጢ ሕመም መድኃኒት መሥሪያ ስለ ሆነ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ደን ውስጥ እየተላጠ ዛፉ እጅግ ተጎድቷል፤ ከ1995 ጀምሮም የውጭ ንግዱ በዓለም አቀፍ ውል ቁጥጥር ሥር ነው። ልጡ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ቆሞ ይደርቃል። ስለዚህ በመንገድ ዳር ባለ ጥቁር እንጨት ሥር ስለ ልጡ ከመጻፍ ይልቅ ፍሬውን ስለሚበሉት ወፎችና ጦጣዎች መጻፍ ይመረጣል። አንዳንዶች እውነትን መደበቅ ነው ይሉን ይሆናል፤ እኛ ግን ሰሌዳው ያለው ያለ ዘበኛ በመንገድ ላይ መሆኑን እናስባለን።

በተቃራኒው መርዝ ያለውን ተክል በግልጽ ማሳወቅ የቤተሰብ አባትና እናት ግዴታ ነው። ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ ከተሰበረ የሚያወጣው ነጭ ወተት ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል። አስተናግርን የቀመሰ ልጅ ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል። በነዚህ ሥር የሚቆመው ሰሌዳ በቀይ ቀለም ቢሆን፣ ማንበብ ለማይችሉትም ሥዕል ቢጨመርበት መልካም ነው።

በአገራችን ቢሆን የዛፍ ስም ከሰሌዳ በፊት በቦታ ስም ላይ ተጽፎ ኖሯል። በአዲስ አበባ ሾላ ገበያና ወይራ ሰፈር አሉ፤ እንጅባራም ኮሶ በር ተብላለች። በሰሜኑ ክፍል የየደብሩ ዙሪያ ጥድና ወይራ ሳይቆረጥ የቆየው ዛፉ የማን እንደ ሆነ ሁሉ ስላወቀ ነው። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣውንም ዛፍ አባቶቻችን «ባሕር ዛፍ» ብለው ሲሰይሙት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን በስሙ ውስጥ አኖሩት፤ ከዚህ የሚበልጥ አጭር ሰሌዳ ከየት ይገኛል? ይሁን እንጂ የዛሬው የከተማ ልጅ ባሕር ዛፍን ለይቶ ብሳናን የማያውቅበት ጊዜ ደርሷል። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ምዕራብ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ705 ሄክታር መሬት ላይ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል ልጆችን ወስዶ ለማሳየት የተመቸ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ 6,000 ያህል የዕፀዋት ዓይነቶች የሚገኙ ሲሆን፣ ከዐሥር አንዱ ያህል በሌላ አገር የማይበቅል ነው።

ግቢ የሌለውም፣ በኪሌሌሽዋ አዳዲስ ፎቆች ውስጥ እንደሚኖሩት፣ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ከፎቁ በታች ከመጀመሪያው አጸድ የቀረ አንድ ዛፍ ካለ፣ ከሕንፃው አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቆ ለዚያ ሰሌዳ ማቆም ይቻላል። ስሙ ያልታወቀ እንደ ሆነ፣ በናይሮቢ ቤተ መዘክር ግቢ ውስጥ በ1950 ከአማኒ ተዛውሮ የመጣ የምሥራቅ አፍሪካ የደረቁ ዕፀዋት ክምችት አለ፤ በአዲስ አበባም ዩኒቨርሲቲው የራሱ አለው። ለሊቃውንቱ የሚወሰደው ናሙና ቅጠል ብቻ ከሆነ ሥራቸው ይከብዳል። አበባ ወይም ፍሬ ያለበት አንድ አጭር ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተደርጎ፣ ከበድ ያለ መጽሐፍ ተጭኖበት፣ ጋዜጣው በየቀኑ እየተለወጠ ይድረቅ፤ የተቆረጠበት ሥፍራና ቀንም በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይያዝ።