ግንኙነት ሲቋረጥ የመረጃ ትክክለኛ ሰዓት እንዴት ይጠበቃል?

የኃይል ማመንጫዎች፣ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎችና ፋብሪካዎች በመስክ በተተከሉ መለኪያዎችና አነስተኛ ኮምፒዩተሮች አማካይነት መረጃ እየሰበሰቡ ወደ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያስተላልፋሉ። ማዕከሉ በመረጃው ተመርኩዞ ውሳኔ ለመስጠት የተለካውን መጠን ብቻ ሳይሆን የተለካበትንም ሰዓት ማወቅ ይኖርበታል። የመገናኛ መስመር በተቋረጠ ጊዜ በቀላሉ የሚዛባው ይኸው ሰዓት ነው።

የሰዓት መዛባት የሚያስከትለውን ችግር በግልጽ ካሳዩት አጋጣሚዎች አንዱ ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም በሰሜን አሜሪካ የደረሰው የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጥ ነው። በአካባቢው ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ የተስፋፋው ይህ አደጋ በአሜሪካ 8 ግዛቶችና በካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባቸውን አካባቢዎች አዳርሷል። የሁለቱ አገሮች መንግሥታት ያቋቋሙት ግብረ ኃይል የአደጋውን መንስኤ ሲያጣራ፣ ከልዩ ልዩ ምንጮች የተሰበሰቡት መዝገቦች በሰዓት አመዘጋገብ የሚለያዩና አንዳንዶቹም ከብሔራዊው የሰዓት መለኪያ ጋር ያልተናበቡ ሆነው አግኝቷቸዋል። በዚህም ምክንያት የትኛው መስመር ከየትኛው ቀድሞ እንደወደቀ ለመለየት በሺዎች የሚቆጠሩ መረጃዎችን አንድ በአንድ ማነጻጸር ግድ ሆኗል። ግብረ ኃይሉ በ1996 ዓ.ም ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት መመዝገቢያ መሣሪያዎች ሁሉ ሰዓታቸው የተናበበ እንዲሆን አሳስቧል።

ግንኙነት ሲቋረጥ ችግሩ ይበልጥ ይባባሳል። አንዳንድ ሥርዓቶች በመረጃው ላይ ሰዓት የሚያሰፍሩት ማዕከሉ ሲደርስ ነው። መስመሩ ደህና በሆነበት ጊዜ ልዩነቱ ከሰከንድ ያነሰ በመሆኑ ማንም ልብ አይለውም። መስመሩ ለ3 ሰዓት ተቋርጦ ሲመለስ ግን በመስክ ኮምፒዩተሩ የተጠራቀመው መረጃ በአንድ ጊዜ ይደርስና የ3 ሰዓት ክንውን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተፈጸመ ይመስላል። ሌሊት የቆመ የውኃ ፓምፕ ጠዋት እንደቆመ ተደርጎ ይመዘገባል፤ ተጠያቂ የሚሆነውም የሌሊቱ ሳይሆን የጠዋቱ ተረኛ ይሆናል።

መፍትሔው መረጃው በተወለደበት ቦታ፣ ማለትም በመስክ መሣሪያው፣ ሰዓቱ እንዲሰፍርበት ማድረግ ነው። መሣሪያው መረጃውን ከሰዓቱ ጋር በማኅደሩ ያቆይና ግንኙነቱ ሲመለስ በቅደም ተከተል ይልካል። በኤሌክትሪክና በውኃ አገልግሎት የሚሠራበት ዲኤንፒ 3 የተሰኘው የመገናኛ ደንብ ይህን አሠራር ይፈቅዳል። ኦፒሲ ዩኤ የተባለው ደንብም መረጃው ከምንጩ የተነሳበትንና አገልጋዩ ኮምፒዩተር የተቀበለበትን ሰዓት ለየብቻ ለማስፈር ያስችላል። ሁለቱ ሰዓቶች ሲነጻጸሩ መረጃው ምን ያህል እንደዘገየ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ የመስክ መሣሪያው ሰዓት ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ከ100,000 ሰከንድ 2 ሰከንድ ብቻ የሚያዛንፍ ሰዓት በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በ10 ቀን ደግሞ 17 ሰከንድ ያህል ይስታል። በመሆኑም ረጅም መቋረጥ በሚያጋጥምባቸው ጣቢያዎች ሰዓትን ከጂፒኤስ ሳተላይት በቀጥታ መቀበል ይመረጣል። የሰዓት ባትሪ የሌለው ኮምፒዩተር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970ን እንደ ዕለቱ ቀን ሊቆጥር ስለሚችል፣ ሰዓቱ እስኪስተካከል ድረስ የሚመዘገበው መረጃ «ሰዓቱ አጠራጣሪ ነው» የሚል ምልክት ሊኖረው ይገባል። ለእያንዳንዱ መዝገብ ተከታታይ ቁጥር መስጠትም ሰዓቱ ቢሳሳት እንኳ ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋ ይረዳል።

የመሣሪያው ማኅደር ከሞላ ደግሞ የተወሰነ መረጃ መጥፋቱ አይቀርም። ይህ ሲሆን መሣሪያው መጥፋቱን ማስታወቅ፣ ማዕከሉም ክፍተቱን ክፍተት ብሎ መያዝ እንጂ በመጨረሻው ልክ መሙላት አይኖርበትም። ዘግይቶ የደረሰ መረጃ በትክክለኛ ቦታው ገብቶ የዕለቱ ሪፖርት እንደገና መሰላት አለበት፤ ያለፈ ማስጠንቀቂያም አሁን እንደተከሰተ ሆኖ መሰማት የለበትም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥንቃቄን ይጠይቃል። በአገሪቱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚባለው በውጭ አገር መሣሪያ ላይ 8 ሰዓት፣ ዩቲሲ በተሰኘው ዓለም አቀፍ ሰዓት ደግሞ 5 ሰዓት ነው። በመሆኑም መዝገቡ ሁሉ በዩቲሲ እንዲቀመጥና ወደ አገር ውስጥ ሰዓትና ቀን የሚለወጠው ለተመልካች ሲቀርብ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ከስህተት ያድናል።

ለእነዚህ መሣሪያዎች ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች እነዚህን ነጥቦች በዝርዝር መግለጫው ማካተት ይጠበቅባቸዋል። ርክክብ ሲፈጸምም የመገናኛ ገመዱን ለአንድ ሰዓት ነቅሎ፣ በዚያው ጊዜ በጣቢያው የተፈጸመውን በእጅ መዝግቦ፣ ገመዱ ሲመለስ ከማዕከሉ መዝገብ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሁለቱ ካልተስማሙ ጉድለቱን ለማረም የሚሻለው ጊዜ ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት ነው። አደጋ ደርሶ ምርመራ በተጀመረበት ዕለት የጠፋውን ሰዓት መልሶ ማግኘት አይቻልም።