የደብዳቤው ጌጥ ሲነሣ ዋጋው ይጸናልን?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለው ሁሉ፣ የንግድ ስምምነት የሚጸናው በጽሑፍ ሲሰፍር ነው። ይሁን እንጂ የሞጣ ወይም የቢቸና እህል ነጋዴ የጤፍና የስንዴ ዋጋን ለአዲስ አበባ ደንበኛው በኢሜይል በሚያስታውቅበት ጊዜ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባዋል፤ ይኸውም እርሱ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚያየው ደብዳቤና ተቀባዩ የሚያነበው ደብዳቤ ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸው ነው።

የኢሜይል ጽሑፍ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ፊደልና ቍጥር ብቻ የያዘ ተራ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው ባለጌጥ ጽሑፍ ሲሆን፣ ፊደሉ ይደምቃል፣ ይቀለማል፣ መሰረዣ መስመር ይሰመርበታል፤ ሠንጠረዥም ይገባበታል። ጌጡ ግን በፊደሉ ውስጥ ያለ አይደለም፤ ከፊደሉ ጋር አብሮ የሚላክ ትእዛዝ ነው። የተቀባዩ ፕሮግራም ይህን ትእዛዝ ካላወቀ ወይም ካልፈቀደ ጌጡ ይቀርና ፊደሉ ብቻውን ይደርሳል።

ጌጥ ይወጣል፤ ጌጥ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1992 ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ማይም የተባለውን የኢሜይል ደንብ ሲያወጡ፣ ሪችቴክስት የሚባል የጽሑፍ ማስጌጫ ስልት በውስጡ አስገብተው ነበር። በማግስቱ ዓመት በ1993 ግን ይኸው ስልት ተነሥቶ ኤንሪችድ የተባለ ቀለል ያለ ስልት ተተካበት። ይህኛውም ብዙ ሳይስፋፋ የድረ ገጽ መጻፊያ የሆነው ኤች ቲ ኤም ኤል ቦታውን ወሰደ። ጉግልም በ2008 «ጂሜይል ላብስ» በሚል ስም የሙከራ መሣሪያዎችን ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ መሣሪያዎቹ በማናቸውም ጊዜ ሊለወጡ፣ ሊበላሹ ወይም ሊጠፉ እንደሚችሉ አስቀድሞ አስታውቋል። የፕሮግራም አዘጋጆች እንዲህ የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ መሣሪያ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተርና ስልክ ላይ እንዲሠራ ዘወትር መጠበቅና መታደስ ያስፈልገዋል፤ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ከሆነ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ጉዳቱ ለነጋዴው እንዴት እንደሚደርስ እንመልከት። አንድ ሻጭ በኩንታል ጤፍ የቀድሞ ዋጋ ላይ መሰረዣ መስመር አስምሮ አዲሱን ዋጋ ከጎኑ ጻፈ እንበል። ጌጡ በመንገድ ሲቀር መስመሩ ይጠፋል፤ ሁለቱ ዋጋዎች እኩል ቆመው ይደርሳሉ። ገዢው አነስተኛውን ይዞ «በጽሑፍ አስታውቀኸኛል» ቢል ሻጩ ምን ይመልሳል? በሠንጠረዥ የተደረደረ የዋጋ ዝርዝርም ሠንጠረዡ ሲፈርስ የማሩ ዋጋ ከኑጉ፣ የኑጉም ከስንዴው ጋር ሊደባለቅ ይችላል። «በቀይ የተጻፉት ዕቃዎች አልቀዋል» የሚል ማስታወቂያ ቀለሙ ሲጠፋ ትርጕም የለውም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚህም የከፋበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ ከተጀመረ በኋላ ብዙ ሰው የሚጽፍባቸው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ምልክቶች ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ኮምፒዩተሩ በውስጡ የሚይዘው የላቲኑን ምልክት ሲሆን፣ በአማርኛ እንዲታይ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነበር። የፎንቱም ስም የሚላከው ከጌጡ ትእዛዞች ጋር ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ጌጥ ሲወድቅ የሚጠፋው ውበት ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ደብዳቤው ራሱ ይጠፋና የማይነበብ የላቲን ምልክት ይተካ ነበር። በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቍጥር ስለ ሰጣቸው፣ ዛሬ አማርኛ ጌጥ በሌለበት ተራ ጽሑፍም ይነበባል።

ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዓባይን የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተቆረጠ በኋላ፣ መንገደኛው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ድልድዩ ቢሰበርም ሰውና ዕቃ መሻገር ነበረባቸው። የንግድ ደብዳቤም እንዲሁ ጌጡ ቢሰበር ፍሬ ነገሩ የሚሻገር መሆን አለበት።

ለዚህም ጥንቃቄው ቀላልና ገንዘብ የማያስወጣ ነው። በመጀመሪያ፣ ውሳኔ ያለበትን ነገር በቀለም ወይም በመስመር ሳይሆን በቃል መጻፍ ነው፤ «የቀድሞው ዋጋ ተሽሯል፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚጸናው ይህ ነው» ማለት ይበቃል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ከመለኪያው፣ ከዋጋውና ዋጋው ከሚጸናበት ቀን ጋር በየራሱ መስመር ማስፈር ነው። ሦስተኛ፣ ሠንጠረዥ የግድ ካስፈለገ በፒዲኤፍ አድርጎ በአባሪነት መላክ ነው። አራተኛ፣ ደብዳቤውን አስቀድሞ ወደ ሌላ ስልክና ወደ ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም ልኮ ማየት ነው። አምስተኛ፣ አንድ መሣሪያ ሊነሣ መሆኑ ሲነገር ቀኑ ሳይደርስ በእርሱ የተጻፉትን ውሎችና ዝርዝሮች አትሞ ወይም በፒዲኤፍ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሰነድ በመዝገቡ ያለው ነጋዴም ፎንቱ ከኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ቢያዛውረው ይበጀዋል።

የፕሮግራሙን ጌጥ የሚያወጣውም የሚያነሣውም አዘጋጁ ነው፤ ነጋዴውን ማንም አያማክረውም። በደብዳቤው ላይ ለሰፈረው ዋጋ ግን የሚጠየቀው የፈረመው ነጋዴ ነው።