ያረጀ የብራና መጽሐፍ በቤት ስለ መጠገን

ከአያት ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የብራና ዳዊት በብዙ ቤት ይገኛል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥራዙ ተፈትቶ፣ ገበታው ተሰብሮ፣ ጠርዙንም አይጥ በልቶት እናየዋለን። ባለቤቱ ትዕግሥት ካለው በገዛ እጁ ሊያድነው ስለሚችል፣ ሥራው የሚሠራበትን አኳኋን ለአንባቢዎቻችን ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

አስቀድሞ እጅን ታጥቦ ማድረቅና በጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ መዘርጋት ያስፈልጋል። መርፌ ከመያዝም በፊት የቅጠሉን ተራ ቆጥሮ በሌላ ወረቀት በእርሳስ መጻፍ ይገባል። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ከ1300 ዓመት በላይ የኖሩ ናቸው፤ ቢሆንም በቀድሞ ጊዜ በተደረገላቸው ጥገና አንዳንዱ ቅጠል ያለ ቦታው ገብቶ ተገኝቷል።

አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ከመካከል ወደ ጠርዝ ይጠረግ። ብራና ቆዳ ነውና ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ሙቀት ሲያገኘውም ይኮማተራል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ መወልወልም ሆነ በካውያ መተኮስ ፈጽሞ አይገባም።

ጥራዙ የተፈታ እንደ ሆነ አዲስ ቀዳዳ ሳይበሱ በቀድሞው ቀዳዳ በተልባ እግር ክር መስፋት ይበቃል። የተሰበረውን ገበታ አባቶቻችን ከስብራቱ ግራና ቀኝ በስተው ያስሩት ነበር፤ የተቀደደውንም ቅጠል በጅማት ይሰፉት ነበር። ጸሐፊው ዙሪያውን እያለፈ የጻፈበት የቆየ ቀዳዳ ግን እንዳለ ይተው። ዛሬ በገበያ የሚሸጠውን የሚጣበቅ ላስቲክ መለጠፍ ጉዳት አለው፤ ሙጫው በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፣ ሲላቀቅም ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ሥዕሉ የሚረግፍ ወይም ሻጋታ የያዘው መጽሐፍ ለባለሞያ ይሰጥ።

ከሁሉ ይልቅ በባዶው ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ያለውን ጽሕፈት መጠበቅ እንደሚገባ እናሳስባለን። የቀድሞ ሰዎች የርስትን ነገር፣ የልደትንና የሞትንም ቀን በዚያ ይጽፉ ነበር። መጽሐፉን አሳምራለሁ ብሎ ጠርዙን የሚከረክም ሰው ሳያውቀው የቤተ ዘመዱን ታሪክ ይቆርጣል።

ሥራው ሲፈጸም መጽሐፉ ወደ ማኅደሩ ገብቶ ከጢስ፣ ከእርጥበትና ከአይጥ ርቆ ይቀመጥ። ልጆችም ሲሠራ ቢያዩ መልካም ነው፤ ነገ ጠባቂዎቹ እነርሱ ናቸውና። ልብስ ቢያረጅ በሌላ ይተካል፤ በአያት እጅ የተጻፈ መጽሐፍ ግን ምትክ የለውም።