ድንገት የመጣ ራስ ምታት



ደህና የዋለ ወንድማችን ድንገት ራሱን ይዞ ቢጮህ፣ ቢያስመልሰው፣ ዓይኑም ቢጋረድበት ምን እናደርጋለን? ብዙዎቻችን «ጂን ለክፎት ነው» ብለን ቁርኣን እናስቀራበታለን። ሩቅያ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሐኪም ቤት አያስቀርም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከም አዘውናልና።

እንዲህ ያለውን ሕመም ከሚያመጡት አንዱ የፒቱታሪ ዕጢ መድማት ነው። ይህች ዕጢ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ በስተኋላ ትገኛለች። መጠኗ የአተር ፍሬ ቢያህልም ሌሎች ዕጢዎችን በሆርሞን የምታዝ እርሷ ናት። አንዳንዴ እባጭ ይወጣባታል። እባጩ በአብዛኛው ካንሰር ስላልሆነ ሰውየው ሳያውቀው ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ደም ሲፈስበት ግን በድንገት ያብጥና ከበላዩ ያሉትን የዓይን ነርቮች ይጫናል። ያን ጊዜ በግራና በቀኝ ዳር ያለውን ማየት ይሳናል፤ የዓይን ቆብ ይወድቃል፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን ሲጓደልም የደም ግፊት ወርዶ ሕይወትን ያሰጋል።

በሽታው ከማይግሬንና ከማጅራት ገትር ጋር ይምታታል። ሲቲ ስካን ይረዳል፤ አጥርቶ የሚያሳየው ግን ኤም አር አይ ነው። ሆርሞንና ጨው በደም ምርመራ ይለካሉ፤ የእይታ ስፋትም ይፈተሻል። ሕመምተኛው ከተዳከመ ሃይድሮኮርቲዞን የምርመራው ውጤት ሳይጠበቅ በደም ሥር ይሰጠዋል። እይታው ክፉኛ ከተጎዳ ወይም እየባሰበት ከሄደ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ውስጥ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። እይታው ያልተነካ በመድኃኒትና በክትትል ብቻ ሊድን ይችላል።

ቀዶ ጥገናው ብዙውን ጊዜ የራስ ቅል ሳይከፈት በአፍንጫ በኩል ይከናወናል። በዚህ መንገድ የፒቱታሪን እባጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ኦስትሪያዊው ሐኪም ሄርማን ሽሎፈር ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1907 ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙዎች ሆርሞኑን ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። እዚህ ላይ አደራ አለን፤ ለረመዳን ብሎ ክኒን ማቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። አላህ (ሱ.ወ.) ለሕሙማን ማፍጠርን ፈቅዶ ቀዷእና ፊድያን ደንግጎልናል። ስለዚህ ወሩ ሳይገባ ሐኪምንም ዐሊምንም እንጠይቅ። የቤተሰባችን ሕይወትም የዓይን ብርሃንም ከአላህ የተቀበልነው አማና ነው።

ወላሁ አዕለም።