የአንድ ሰው ምሽት

«ማታውን ሙሉ የአንድ ሰው ሙዚቃ ብቻ? አይሰለችም እንዴ ቲቸር?» አለችኝ ቡራዩ ቫዮሊን የማስተምራት ልጅ። አልፈረድኩባትም። እኛ ሙዚቃ የለመድነው ተደባልቆ ነው። ሰርግ ላይ ዘፋኙም ዘፈኑም ይቀያየራል፤ ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ አንዱን ሳያስጨርስ ወደ ሌላው ያልፋል። የኦርኬስትራ ሰዎች ግን አንዳንዴ አንድ አቀናባሪ ይመርጡና ምሽቱን በሙሉ ለእሱ ይሰጡታል።

«ሰበታ ያለችው አያትሽ ለክብረ በዓል ቤተ ክርስቲያን አታድርም?» አልኳት።

«ታድራለች። ማኅሌት ካልሰማች በዓል አይመስላትም።»

«የማን ዜማ ነው የምትሰማው?»

«የቅዱስ ያሬድ ነዋ!»

ይኸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዜማው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የያሬድ ድርሰት ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል መጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ዜማ ይሉታል። ቀጥለው በመቋሚያ እየዘመሙ ይመልሱታል። ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ መረግዱ በዝግታ ይጀምራል፤ ጽፋቱ ላይ ሲደርስ ጭብጨባው ይፈጥናል። ቃሉ ያው ነው፣ የዜማው ባለቤትም ያው ነው፤ አያትየዋ ግን አይሰለቻትም፣ ምክንያቱም ጆሮዋ የሚከተለው ዜማው ምን እየሆነ እንደሚሄድ ነው። ለአንድ አቀናባሪ የተሰጠ ኮንሰርትም የሚፈልገው ይህንኑ ጆሮ ነው።

በፈረንጁ ዓለም የታወቀው ምሳሌ ቤትሆቨን ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 22 ቀን 1808 ቪየና በሚገኘው ቴያትር አን ደር ቪን ውስጥ የራሱን ሥራዎች ብቻ አቀረበ። አምስተኛውና ስድስተኛው ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የተሰሙት ያን ማታ ነው፤ አራተኛውን የፒያኖ ኮንቼርቶ ራሱ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ተጫወተ። አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። አዳራሹ ብርድ ነበር፣ ልምምዱም አልበቃም፤ መጨረሻ ላይ በቀረበው ሥራ ተጫዋቾቹ ተደነቃቅፈው ቆመው እንደገና ጀመሩ። ዝግጅቱ የተሳካ ነበር ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ያ ታዳሚ አምስተኛውን ያህል ቁጣና ስድስተኛውን ያህል የገጠር ሰላም ከአንድ ሰው ራስ ሲወጣ በአንድ ማታ ሰማ። ሥራዎቹ በተለያየ ቀን ቢቀርቡ ኖሮ ይህ አይታየውም ነበር።

ስድስተኛው ሲምፎኒ የሚያበቃው ማዕበሉ ካለፈ በኋላ በሚሰማ የእረኞች ዜማ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ወደ ሱሉልታ እሄዳለሁ። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማስተምራቸው አንዱ ላም ይጠብቃል፤ የውኃ ቱቦ ቆርጦ በጋለ ብረት አራት ቀዳዳ በስቶበት ዋሽንት ሠርቷል። ሸምበቆ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ግን ድምፁ አያሳፍርም።

እንዲህ ያለውን እረኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ያስገቡት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው። በፈረንጆቹ 1938 አዲስ አበባ ተወለዱ፣ አሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ፣ ተመልሰው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር ሆኑ። «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለው የኦርኬስትራ ሥራቸው ሃንጋሪ ድረስ ሄዷል፤ «ጥቁሩ ኮዳይ» የተባሉትም በሃንጋሪው አቀናባሪ በዞልታን ኮዳይ ስም ነው። ስሙ ያለ ነገር አልወጣላቸውም። ኮዳይ ከባርቶክ ጋር በየመንደሩ እየዞረ የገበሬ ዜማ የሰበሰበ ሰው ነው፤ የሃንጋሪ ጥንታዊ ዜማ ደግሞ ብዙው እንደ እኛ ትዝታና ባቲ ባለ አምስት ድምፅ ነው።

አራት ቀዳዳ ያለው ዋሽንት ለአንድ ቅኝት ይበቃል፤ ከፍታው ሲቀየር ነፊው ሌላ ዋሽንት ያነሣል። የኦርኬስትራው ፍሉት ግን በቁልፎቹ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ያወጣል። ስለዚህ ለዋሽንት ዜማ ሲባል ፍሉቱ ሰባቱን ትቶ በአምስቱ መኖር አለበት፤ ከሥሩ ያሉት ቫዮሊኖችና ቼሎዎች ደግሞ ዜማውን በፈረንጅ ስምምነት ሳይውጡት መደገፍ አለባቸው። ከባዱ ይኸኛው ነው፤ ብዙ ቅንብር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ለምን አንድ ምሽት ለአሸናፊ አይሰጥም? ሰዎች አዳራሽና ገንዘብ ይላሉ። እኔ ግን በመጀመሪያ የማስበው ወረቀቱን ነው። መሪው ፊት ያለው ስኮር የሁሉንም ድምፅ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ግን የሚያየው የራሱን ፓርት ብቻ ነው። ሁለት ቫዮሊኖች በአንድ የኖታ መደርደሪያ ይቀመጣሉ፤ በውስጥ በኩል ያለው ገጹን ሲገልጥ ሌላው መጫወቱን አያቋርጥም። ቪዮላው ሃያ ባር ዝም ብሎ ይቆጥርና ይገባል። ለስልሳ ሰው ይህ ሁሉ ፓርት ተባዝቶ፣ ተነጻጽሮ፣ የቀስቱ አቅጣጫ በእርሳስ ተጽፎበት ካልቀረበ ሙዚቃው የለም። አንድ የተሳሳተ ኖታ የልምምድ ሰዓት ይበላል።

የፒያኖ አቀናባሪዋ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ምሽት ከዚህ ይቀልላል፤ አንድ ፒያኖና አንድ ጥሩ ተጫዋች ይበቃዋል። የግርማ ይፍራሸዋም እንዲሁ፤ እሱም በፒያኖ ስለ እረኛና ዋሽንት የጻፈው ሥራ አለው። የአሸናፊ ግን ሰው ይጠይቃል። ደግሞም ብዙ ጊዜያቸውን ለምርምርና ለመጽሐፍ ስለ ሰጡ ማታውን በትልልቅ የኦርኬስትራ ሥራ ብቻ መሙላት ይከብዳል። እኔ ብሆን መክፈቻው ላይ የሱሉልታውን ልጅ ብቻውን ከዋሽንቱ ጋር አቆመዋለሁ፤ ቀጥዬ አሸናፊ ፍሉትን፣ ክላሪኔትንና ቫዮሊንን ከጃፓኑ ኮቶ ጋር ያዋሐዱበትን አነስተኛ ሥራ አቀርባለሁ፤ ከዕረፍት በኋላ ኦርኬስትራው በ«እረኛው» ይገባል። ኮቶ ተጫዋች ከየት ይመጣል አትበሉኝ፣ ኤምባሲ ይጠየቃል።

ሰዓቱ ግን ማታ አይሁን። ስሙ ምሽት ቢሆንም እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይጀመር። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከአዳራሽ የወጣ ሰው ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ታክሲ ሲጠብቅ ያመሻል፤ የልጆቹ ወላጆችም አይፈቅዱም።